ኩበት፣ ቆሼ እና ፀሐይ፦ እርጥብ ቆሻሻ ለምን አልነድ አለ?

ገጠር ያደገ ሰው ኩበት እንዴት እንደሚሠራ አስተማሪ አያስፈልገውም። እበቱ ከበረት ይዛቃል፣ ገለባ ይቀላቀልበታል፣ በእጅ ይጠፈጠፋል፣ ከዚያ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል ወይም ፀሐይ በደንብ በሚያገኘው ደጅ ይሰጣል። በበጋ ጥቂት ቀን ከቆየ ይደርቃል። ይገለበጣል፣ ይከመራል፣ ለክረምት ይቀመጣል። በቃ፣ ይኸው ነው።

ይህንኑ ሥራ በእኛ በመሐንዲሶቹ ቋንቋ ብንጽፈው “በፀሐይ ሙቀት የታገዘ፣ ቆሻሻን ወደ ኃይል የሚቀይር ሥርዓት” ይባል ነበር። ፕሮፖዛል ቢጻፍበት ገንዘብ ሳያስገኝም አይቀርም። ቁም ነገሩ ግን ስሙ ላይ አይደለም፣ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። መጀመሪያ ማድረቅ፣ ከዚያ ማንደድ። ትኩስ እበት ከአምስት እጅ አራቱ ውሃ ስለሆነ፣ ከበረት ያመጣችውን በቀጥታ ምድጃ ውስጥ የምትከት እናት የለችም። ብትከት ጭስ እንጂ እሳት አታገኝም።

ከተሞች ቆሻሻቸውን አቃጥለው ሙቀትና መብራት ለማግኘት መሞከር ከጀመሩ 150 ዓመት ሆኗቸዋል። ይህ ታሪክ በአብዛኛው የዚያች የኩበት ደንብ ታሪክ ነው ማለት ይቻላል። የራሳቸውን ቆሻሻ መዝነው ምድጃ የሠሩ ከተሞች ተሳካላቸው። የሌላ ከተማ ምድጃ ገልብጠው ቆሻሻቸውን ሳያውቁ የገቡበት ግን ከሰሩ። አዲስ አበባም በዚህ ታሪክ ውስጥ ምዕራፍ አላት፤ ያውም የሰው ሕይወት የተከፈለበት።

ውሃ የሚወስደው ግብር

ታሪኩን ከመጀመራችን በፊት አንድ ትንሽ ፊዚክስ እንያዝ። ሌላው ሁሉ ከእሱ ይከተላል።

አንድ ሊትር ውሃ አዲስ አበባ ላይ ጥደን ማፍላት ብዙ ኃይል አይጠይቅም። ከተማዋ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃው 92 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ላይ ይፈላል፣ ለዚህም 0.3 ሜጋጁል ያህል ይበቃዋል። ያንኑ ውሃ እስኪደርቅ ድረስ ለማትነን ግን ተጨማሪ 2.3 ሜጋጁል ገደማ ያስፈልጋል። ለማፍላት ከሚበቃው ሰባት ስምንት እጥፍ መሆኑ ነው። ጀበና ቶሎ የሚፈላው፣ ጀበናው ውስጥ ያለው ውሃ ግን ተንኖ ለማለቅ ብዙ የሚቆየው ለዚህ ነው።

ምድጃ ውስጥ እርጥብ ነገር ሲገባ የሚሆነውም ይኸው ነው። በቆሻሻው ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ኪሎ ውሃ፣ መሞቁና መትነኑ ተደምሮ፣ 2.5 ሜጋጁል ገደማ “ግብር” ይወስዳል። ግብሩን የሚከፍለው ደግሞ አጠገቡ ያለው ደረቅ ወረቀት፣ ጨርቅና እንጨት ነው። አበው “ለደረቅ የመጣ ለእርጥብ ይተርፋል” ይላሉ። ምድጃ ውስጥ ግን ተረቱ ይገለበጣል፤ የእርጥቡ ጦስ ለደረቁ ይተርፋል።

የዓለም ባንክ ለታዳጊ አገር ከተሞች ባዘጋጀው መመሪያ ላይ መስፈርቱን በቁጥር አስቀምጦታል። ሌላ ነዳጅ ሳይጨመርበት ለመቃጠል የሚበቃ ቆሻሻ በዓመት አማካይ ቢያንስ በኪሎ 7 ሜጋጁል የተጣራ ሙቀት ሊኖረው ይገባል። በየትኛውም ወቅት ደግሞ ከ6 በታች መውረድ የለበትም። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ያዙልኝ፤ በኋላ እንመለስባቸዋለን።

ኖቲንግሃም፣ ለንደን፣ ሃምቡርግ

ለከተማ ቆሻሻ ታስቦ የተሠራው የመጀመሪያው ውጤታማ ምድጃ እ.ኤ.አ. በ1874 በእንግሊዟ ኖቲንግሃም ቆመ። ንድፉ የአልፍሬድ ፍራየር ነበር፣ ስሙንም “ዲስትራክተር” አሉት፤ አጥፊው እንደማለት ነው። ዓላማው ቆሻሻውን ማጥፋት ነበር እንጂ ኃይል ማግኘት አልነበረም። ብዙም ሳይቆይ ግን አንድ ነገር ተስተዋለ፦ እሳቱ ራሱን በራሱ ያነዳል፣ ሙቀትም ይተርፈዋል። በለንደን የሾርዲች ወረዳ እ.ኤ.አ. በ1897 ቆሻሻ እያቃጠለ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ጣቢያ ሲከፍት፣ መርቆ የከፈተው ዝነኛው የፊዚክስ ሊቅ ሎርድ ኬልቪን ነበር። ሕንፃው ላይ የተቀረጸው የላቲን መፈክር ትርጉሙ “ከትቢያ ብርሃንና ኃይል” ነው።

ትቢያው ያን ያህል የነደደው ለምንድን ነው? መልሱ የእንግሊዞች የእሳት ማንደጃ ውስጥ ነው። ቤቶቹ ሁሉ በድንጋይ ከሰል ይሞቁ ነበር። ከሰሉ በደንብ ሳይነድ ከአመዱ ጋር ይጣላል። ስለዚህ የለንደን ቆሻሻ ግማሽ የነደደ ከሰል የተቀላቀለበት ደረቅ ነገር ነበር። ዲስትራክተሩ የሚያቃጥለው በሌላ አነጋገር የተረፈ ነዳጅ ነው።

ሃምቡርግ ደግሞ ወደዚህ የገባችው በመከራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1892 ከተማዋን ኮሌራ መታት፣ ከ8,000 በላይ ሰዎችም ሞቱ። እስከዚያ ድረስ የከተማዋን ቆሻሻ ለማዳበሪያ ይቀበሉ የነበሩት የአካባቢው ገበሬዎች “ከእንግዲህ በሽታችሁን ወደ እኛ አታምጡ” ብለው በራቸውን ዘጉ። ከተማዋ መውጫ ስታጣ የእንግሊዞቹን ምድጃ አስመጣች። ነገር ግን ዝም ብላ አልገዛችም። መሐንዲሶቿ የራሳቸውን ቆሻሻ በምድጃው ላይ ደጋግመው ሞከሩ፣ ምድጃውንም ለዚያ አስተካከሉት። እ.ኤ.አ. በ1896 በቡለርዳይሽ የተከፈተው ጣቢያ ለጀርመን የመጀመሪያው ሆነ።

በዴንማርክ የፍሬደሪክስበርግ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1903 አንድ እርምጃ ጨመረች። የቆሻሻ ማቃጠያዋን ሙቀት በቧንቧ ወደ ሆስፒታልና ወደ ሌሎች የሕዝብ ሕንፃዎች ላከች። ዛሬ የኮፐንሃገን ቤቶች በቧንቧ በሚመጣ ሙቀት የሚሞቁበት ሥርዓት ሥሩ እዚያ ነው።

ቅጂው ሲከሽፍ

አሁን ወደ ከሸፉት እንምጣ። እኔ ከተሳኩት ይልቅ ብዙ የተማርኩት ከእነሱ ነው።

በርሊንና ሃምቡርግ አንድ አገር ውስጥ ናቸው፣ በባቡር የሰዓታት መንገድ ነው። በርሊንም በ1890ዎቹ ያንኑ የእንግሊዝ ምድጃ ሞከረች። አልነደደላትም። የበርሊን ሰው ቤቱን የሚያሞቀው በቡናማ ከሰል ጡብ ነበር፤ እሱ ደግሞ ሙልጭ ብሎ ይነዳና ዱቄት አመድ ብቻ ይተዋል። የሃምቡርግ ቆሻሻ ከሰል ነበረበት፣ የበርሊን ቆሻሻ አመድ። ምድጃው ያው ነው፣ ውጤቱ ግን የሰማይና የምድር ያህል ተራራቀ።

በአሜሪካ የሆነው ደግሞ የባሰ ነው። የመጀመሪያው ምድጃ እ.ኤ.አ. በ1885 በኒውዮርክ ገቨርነርስ ደሴት ከተሠራ በኋላ ሌሎች ከተሞችም ተሽቀዳደሙ። እስከ 1908 ድረስ 180 ያህል ምድጃዎች ተሠሩ። በ1909 ሲቆጠሩ 102ቱ ተትተዋል ወይም ፈርሰዋል። ግማሽ በላይ ማለት ነው። የአሜሪካ ከተሞች ቆሻሻ የምግብ ትራፊ የበዛበት፣ እርጥብ ነበር። የእንግሊዙን ንድፍ የገለበጡት ብዙዎቹ ይህን ልዩነት ከቁም ነገር አልቆጠሩትም። እሳቱ እንዳይጠፋ ከሰል መጨመር ግድ ሆነ፣ ወጪው ናረ፣ በደንብ ያልነደደው ደግሞ ሰፈሩን በሽታ አጠነው።

በዚያው ዘመን የኒውዮርክን የጽዳት መሥሪያ ቤት የመራው ኮሎኔል ጆርጅ ዋሪንግ ሌላ መንገድ ሞከረ። እ.ኤ.አ. ከ1895 በኋላ ነዋሪው አመዱን፣ የምግብ ትራፊውንና ደረቁን ጥራጊ በየእቃው ለይቶ እንዲያወጣ አዘዘ። ምድጃ ከማሻሻል በፊት ቆሻሻውን መለየት! ሐሳቡ ከዋሪንግ በኋላ ብዙም አልቀጠለም፣ ግን ከመቶ ዓመት በኋላ ተመልሶ ይመጣል።

ከጅብ እስከ ቆሼ

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር የጽዳት መሥሪያ ቤት አልነበራትም። የሌሊት ሠራተኛዋ ጅብ ነበር። የሞተ ከብት፣ አጥንትና የእርድ ትራፊ ማታ ተጥሎ ጠዋት አይገኝም። ይህ ቀልድ እንዳይመስላችሁ፦ ጅብ የበላውን ሥጋና አጥንት ለማድረቅም ለማቃጠልም ነዳጅ አይፈጅም።

ቀን ቀን ደግሞ “ቆራሌው!” እያለ በየሰፈሩ የሚዞረው ነጋዴ አለ። ጥሪው “ቆርቆሮ ያለው” ከሚለው የመጣ ነው ይባላል። ቆርቆሮ፣ ጠርሙስ፣ ጫማ፣ ፕላስቲክ ይገዛና መርካቶ ምናለሽ ተራ ያደርሳል። እዚያ ጎማው ጫማ፣ በርሜሉ ምድጃ፣ ጣሳው ኩራዝ ይሆናል። ሰዎች ዛሬ ሪሳይክሊንግ የሚሉትን ማንም መመሪያ ሳያወጣለት ሲሠራው ኖሯል።

በጅብና በቆራሌው መካከል የቀረው፣ ማለትም የአትክልት ልጣጭ፣ የጫት ገረባ፣ የምግብ ትራፊ፣ አመድና የመንገድ አፈር፣ ከ1950ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ጀምሮ ወደ ረጲ ይጋዝ ጀመር። ሕዝቡ ቦታውን “ቆሼ” አለው። ያኔ ከከተማ ውጭ ነበር። ከተማዋ አደገችና ከበበችው፤ ቆሼ 36 ሄክታር ገደማ የሚሸፍን ተራራ ሆነ። በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከተራራው ላይ የሚሸጥ ነገር እየለቀሙ ልጆቻቸውን አሳደጉ። ብዙዎች ጥጉ ላይ ቤት ሠሩ።

በ2008 ዓ.ም. አማራጭ ተሞከረ። ሰንዳፋ አካባቢ አዲስ ዘመናዊ ማስወገጃ ተከፈተ። ወራት ሳይቆይ ግን የአካባቢው ገበሬዎች ተቃወሙ፣ ቦታውም ተዘጋ፣ መኪናዎቹ ወደ ቆሼ ተመለሱ። የሃምቡርግ ገበሬዎች ትዝ አሏችሁ? በ120 ዓመት ልዩነት ያው “አታምጡብን” ነው። ገበሬዎቹ ደግሞ እንዲሁ አልተነሱም። የከተማን እርጥብ ቆሻሻ ጎረቤት ያደረገ ሰው ሽታውንም የሚወጣውን ፍሳሽም አብሮ ይወርሳል።

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ምሽት ላይ የቆሼ ተራራ አንድ ጎን ተናደ። ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከሟቾቹ አብዛኞቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ።

የአፈር መካኒክስ የተማረ ሰው ይህን ዜና ሲሰማ መጀመሪያ የሚያስበው ሁለት ነገር ነው፦ የተራራው ቁልቁለት እና በውስጡ ያለው ውሃ። ክምር ውስጥ የታመቀ ውሃ ቁርጥራጮቹን እርስ በርስ ያያዘውን ሰበቃ ይቀንሳል። አየር የማያገኝ እርጥብ ትራፊ ደግሞ ሚቴን ያመነጫል። በኋላ በጃፓን ድጋፍ ቆሼ ላይ የተሠራበት “የፉኩዎካ ዘዴ” የሚባለውም ከዚሁ ይነሳል። በክምሩ ሥር ቀዳዳ ያላቸው ቱቦዎች ይዘረጋሉ፤ ፍሳሹ በእነሱ ይወጣል፣ አየር በእነሱ ይገባል። ዘዴው በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በፉኩዎካ ዩኒቨርሲቲ የዳበረ ነው፤ ቀላልና ርካሽ ነው። መጀመሪያ ውሃውን አስወጣ፣ ሌላው ይከተላል። የኩበቷ ደንብ እዚህም መጣች።

ረጲ

ከአደጋው 17 ወር በኋላ፣ ነሐሴ 2010 ዓ.ም.፣ እዚያው ቆሼ ጎን የረጲ ቆሻሻን ወደ ኃይል የመቀየሪያ ጣቢያ ተመረቀ። በአፍሪካ በዚህ መጠን የመጀመሪያው ነበር። በቀን እስከ 1,400 ቶን ቆሻሻ እንዲያቃጥል ታቅዷል፤ ሁለት ተርባይኖችም አሉት። ቆሻሻው በሚንቀሳቀስ የብረት ፍርግርግ ላይ እየተጓዘ ይደርቃል፣ ይነዳል፣ አመድ ሆኖ ይወድቃል። ሙቀቱ እንፋሎት ይሠራል፣ እንፋሎቱ ተርባይን ያዞራል። አውሮፓ ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ እንደዚህ ያሉ ጣቢያዎች አሉ።

ጣቢያው ግን እንደታሰበው አልሄደም። በተደጋጋሚ ቆመ፣ የሚያመነጨውም ከታቀደው በታች ሆነ። ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም፤ የውል ውዝግብም ነበረበት። የእኔ ጥያቄ ግን ከውሉ በፊት ያለው ነው፦ ምድጃው የሚጠብቀው ቆሻሻና አዲስ አበባ የምታመጣለት ቆሻሻ አንድ ናቸው ወይ?

የከተማችን ቆሻሻ ከግማሽ በላይ የሚበሰብስ ነገር ነው። እስቲ ለስሌት ያህል አንድ ኪሎ እንውሰድ። 600 ግራሙ ውሃ ይሁን፣ 120 ግራሙ አፈርና አመድ፣ የቀረው 280 ግራም የሚነድ። የሚነደው በኪሎ 18 ሜጋጁል ቢሰጥ 5 ሜጋጁል ይወጣዋል። ውሃው 1.5 ግብር ይወስዳል። የሚተርፈን 3.5 ሜጋጁል ነው። ቅድም የያዝናቸውን ቁጥሮች አስታውሱ፦ 7 እና 6። በዚህ ስሌት ግማሽ ላይ ነን።

እዚህ ላይ ቆራሌውንና የቆሼ ለቃሚዎችን መርሳት አይገባም። ፕላስቲኩን፣ ካርቶኑንና ወረቀቱን፣ ማለትም የሚነደውን ደረቅ ነገር፣ አስቀድመው ያወጡታል። ምድጃው አንፃር ሲታይ ነዳጁን “እየሰረቁት” ነው። ከተማው አንፃር ሲታይ ግን ትክክለኛውን ሥራ እየሠሩ ነው። ፕላስቲክን መልሶ መጠቀም ከማቃጠል ይሻላል፣ ለሰውም እንጀራ ነው። ለምድጃው ሲባል እነሱን ማባረር ኃይልም ፍትሕም አያስገኝም።

ፀሐይ ምን ታግዛለች?

“ታዲያ እንደ ኩበቱ ፀሐይ ላይ አናሰጣውም?” የሚል አንባቢ ይኖራል። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ለዚህ የፀሐይ ሙቀትን ታሪክም በአጭሩ ማየት ይጠቅማል።

የጄኔቫው ሊቅ ደ ሶሱር እ.ኤ.አ. በ1767 ጥቁር በተቀባ፣ መስታወት በተከደነ ሣጥን የፀሐይን ሙቀት አጥምዶ ለካ፤ በኋላ ባሻሻለው ሣጥን ከ100 ዲግሪ አሳለፈው። ፈረንሳዊው የሒሳብ መምህር ኦጉስተን ሙሾ እ.ኤ.አ. በ1878 በፓሪስ ኤግዚቢሽን ላይ ትልቅ መስታወት ዘርግቶ በፀሐይ ሙቀት በረዶ ሠራ። ሕዝቡ ተደነቀ፣ ከሰል ግን እየረከሰ ሄደና መንግሥት ሐሳቡን ተወው።

ከሁሉም ወደ እኛ የሚቀርበው የፍራንክ ሹማን ሥራ ነው። ይህ የፊላዴልፊያ ፈልሳፊ እ.ኤ.አ. በ1913 ከካይሮ አጠገብ በመዓዲ አምስት ረጃጅም፣ እንደ ገንዳ የጎበጡ መስታወቶች ተከለ፤ እያንዳንዱ ከ60 ሜትር በላይ ይረዝማል። በመሐላቸው በሚያልፍ ማሞቂያ ዝቅተኛ ግፊት ያለው እንፋሎት ሠርቶ፣ በእንፋሎቱ የዓባይን ውሃ ወደ ጥጥ እርሻ አስወጣ፤ በደቂቃ ከ20,000 ሊትር በላይ። በዓመቱ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ፈነዳ፣ ሥራው ተበተነ፣ ሹማንም እ.ኤ.አ. በ1918 ሞተ። ከዚያ ነዳጅ ዘይት መጣና ፀሐይ ለግማሽ ክፍለ ዘመን ተረሳች።

ዘለቄታ ያገኘው ከእነዚህ ሁሉ ትሑቱ ሥራ ነው፦ ውሃ ማሞቅ። በእስራኤል ሳይንቲስቱ ጽቪ ታቦር እ.ኤ.አ. በ1955 ፀሐይን የሚውጥ፣ ሙቀቱን ግን በቀላሉ የማይመልስ ልዩ ጥቁር ገጽ ሠራ። እ.ኤ.አ. በ1980 አዳዲስ መኖሪያ ቤቶች የፀሐይ ማሞቂያ እንዲኖራቸው በሕግ ታዘዘ። እዚያ የሚኖሩ ወገኖቻችን “ዱድ ሸሜሽ” የሚሉት በየጣሪያው ያለው በርሜል የዚህ ውጤት ነው። ማንም ተአምር አይለውም፤ ግን በየቀኑ ይሠራል።

ትምህርቱ ምንድን ነው? ፀሐይ ዝቅተኛ ሙቀት በርካሽ ትሰጣለች፣ ከፍተኛ ሙቀት ግን በውድ። በዘመናዊ ማቃጠያ ውስጥ መርዛማ ጋዞች እንዲጠፉ ጭሱ ቢያንስ 850 ዲግሪ ላይ መቆየት አለበት። ያንን በፀሐይ ለማድረስ የሚሞከሩ ሥራዎች አሉ። የስዊዘርላንድ ተመራማሪዎች ስፔን በአልሜሪያ በሚገኘው የፀሐይ ጣቢያ ቆሻሻን በተሰበሰበ የፀሐይ ጨረር ወደ ጋዝ የመቀየር ሙከራ አድርገዋል፤ ግን ገና ሙከራ ነው። ማድረቅ ግን 50 ወይም 60 ዲግሪ ይበቃዋል። ይሄ ደግሞ ፀሐይ በተፈጥሮዋ የምትችለው ሥራ ነው። ጀርመን ውስጥ ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ የፍሳሽ ዝቃጭን መስታወት በለበሱ አዳራሾች ውስጥ በፀሐይ ያደርቃሉ። ማሽን ዝቃጩን እየገለበጠ ይዞራል፣ አየር እርጥበቱን ይወስዳል። ኩበት ነው እንጂ ሌላ ምንድን ነው?

እስቲ እናስላው

ወደዚያች አንድ ኪሎ እንመለስ። ከ600 ግራም ውሃ 385ቱን ፀሐይ ብትወስድልን 615 ግራም ይቀራል። የውሃው ድርሻ ወደ 35 በመቶ ይወርዳል፣ የተጣራው ሙቀትም በኪሎ 7.3 ሜጋጁል ይሆናል። መስፈርቱን አለፍን! ያለ አንድ ሊትር ነዳጅ።

ግን አትቸኩሉ። 1,400 ቶኑን ሁሉ እንዲህ እናድርቅ ካልን በየቀኑ 540 ቶን ገደማ ውሃ ማትነን አለብን። በአገራችን ፀሐይ በካሬ ሜትር በቀን 18 ሜጋጁል ያህል ትሰጣለች እንበል፣ ሢሶው ለማድረቅ ቢውል 2.4 ኪሎ ውሃ ይተናል። ሲካፈል 22 ሄክታር ገደማ የማድረቂያ አዳራሽ ይወጣል፤ ከ30 የኳስ ሜዳ በላይ። ይህ ደግሞ የበጋ ሒሳብ ነው። ክረምት ሲገባ ቆሻሻው ይረጥባል፣ ፀሐይዋም ትደበቃለች፤ ጥያቄው የሚከብደው ልክ መልሱ በሚጠፋበት ወር ነው። ገበሬው ኩበቱን በበጋ ሠርቶ የሚያከማቸው ለዚህ ነው። ከተማ ግን የምግብ ትራፊዋን አስከምራ በጋን መጠበቅ አትችልም።

ስለዚህ “ሁሉንም በፀሐይ አድርቀን እናቃጥል” የሚለው ሐሳብ በወረቀት ላይ ደስ ይላል፣ መሬት ላይ ግን አይቆምም። ይህን ስሌት መጀመሪያ ስሠራው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከፋኝ። ቆይቶ ግን ጥያቄውን የጠየቅኩት በተሳሳተ ቦታ እንደሆነ ገባኝ። ውሃው ከደረቁ ጋር ከተደባለቀ በኋላ ለመለየት ይህን ሁሉ መሬትና ፀሐይ እጠይቃለሁ፤ ለመሆኑ ማን ደባለቀው?

ከመደባለቁ በፊት

እርጥብ ቆሻሻን አቃጥለው የተሳካላቸው አሉ፤ ቻይና ትልቋ ምሳሌ ናት። እዚያ ቆሻሻው ምድጃ ከመግባቱ በፊት ጉድጓድ ውስጥ ለቀናት ተቀምጦ ውሃው እንዲንጠፈጠፍ ይደረጋል። ቀድሞ በተሠሩ ብዙ ምድጃዎች ላይ ከሰል ይጨመር ነበር። ሻንጋይ ግን እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2019 ጀምሮ ሌላ ነገር በሕግ አዘዘች፤ ነዋሪው ቆሻሻውን ለይቶ እንዲያወጣ። ከምድቦቹ የሁለቱ የተለመደ ስም “እርጥብ ቆሻሻ” እና “ደረቅ ቆሻሻ” ነው። ኮሎኔል ዋሪንግ ቢሰማ ደስ ይለው ነበር። እርጥቡ ለብቻው ሄደ፣ ምድጃ የሚገባው የበለጠ የሚነድ ሆነ። ምድጃው አልተቀየረም፣ የቤቱ ባልዲ ነው የተቀየረው።

ለእኛስ? ለእኔ ታሪኩ የሚለው ግልጽ ነው። የአዲስ አበባ ቆሻሻ አብዛኛው ነዳጅ አይደለም፣ አፈር ነው። ልጣጭና ትራፊ ውሃው ጥቅም እንጂ ግብር የማይሆንበት ቦታ አለ፤ ኮምፖስትና ባዮጋዝ። ረቂቅ ተሕዋስያኑ እርጥበት ይፈልጋሉ። ለምድጃ ጠላት የሆነው ውሃ ለእነሱ ሲሳይ ነው። ኩበት ራሱ ይህን ዕዳ ተሸክሟል። የነደደ እበት ማሳ ላይ አልተመለሰም፣ የግብርና ባለሙያዎችም ይህን ሲያነሱ ዘመናት ተቆጥረዋል። እርጥቡ ወደ መሬት ከተመለሰ፣ ደረቁን ቆራሌውና ለቃሚው ከወሰዱት፣ ለምድጃው የሚቀረው ትንሽ ነው። ትንሹን ደግሞ ፀሐይ ልታደርቀው ትችላለች፤ 22 ሄክታር አያስፈልግም።

ይህ እንዲሆን የሚያስፈልገው ዋናው መሣሪያ ተርባይን አይደለም። በየቤቱ ሁለት መያዣ ነው፣ እና ሁለቱን ሳትደባልቅ የምትወስድ ጋሪ። የተለየውን ቆሻሻ መልሶ አንድ መኪና ላይ መገልበጥ ነዋሪውን ማሞኘት ነው፤ ሁለተኛ አይለይም። በየበሩ እየዞሩ ቆሻሻ የሚሰበስቡት የማኅበር ወጣቶችና የቆሼ ለቃሚዎች ደግሞ በዚህ ሥርዓት ውስጥ ባለሙያ እንጂ እንቅፋት አይደሉም። ምን ይነዳል፣ ምን ይሸጣል፣ ምን ይበሰብሳል የሚለውን ከእነሱ የበለጠ የሚያውቅ ላቦራቶሪ የለንም።

ቆሼ ሥር የሞቱት ሰዎች የሞቱት ከተማው ለ50 ዓመት ያህል ሁሉንም ነገር አንድ ላይ ደባልቆ እዚያ ስለደፋ ነው። ከዚያ በኋላ ያመጣነው መልስ፣ ምድጃው፣ ያንኑ ድብልቅ ተረከበ። የሚቀጥለውን ቴክኖሎጂ ከመግዛታችን በፊት፣ የፀሐይም ይሁን የእሳት፣ ቆሻሻችንን እንመዝን። እበቱን በእጇ ይዛ እርጥበቱን የምታውቀው የኩበቷ እናት ያንን ሥራ ሳትሠራ እሳት ጭራ አታውቅም።